ቀለሙ ይቆየን፦ ስለ አሮጌ ትንንሽ ትራክተሮች የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ጓሮ ትራክተር በሁለት መስመር ነካ አድርጌ ካለፍኩ በኋላ የመጣው ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት ብዛት ገርሞኛል፣ አዳማ ውስጥ ይሄን ያህል ሰው ግቢው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ብረት አስቀምጦ እንደሚኖር በፍጹም አላሰብኩም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ስማችሁንም አልጻፍኩም። ዋጋ የጠየቃችሁኝን ግን ትቻለሁ፣ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ መጽሔቱ ታትሞ እስኪወጣ ይቀየራላ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። አንድ የውጭ ድርጅት ግቢውን ሲለቅ እቃ በጨረታ ሸጦ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ቢጫና ነጭ ቀለም ያላት ትንሽዬ ትራክተር አብራ መጣችልኝ። አራት ጎማ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ኮፋኖዋ ላይ "ከብ ካዴት" የሚል ይነበባል፣ የኢንተርናሽናል ምልክትም አላት። ሞተሩ ነክሷል፣ አይዞርም። ጓደኞቼ "የባጃጅ ሞተር ግጠምባትና ገላገል" ይሉኛል፣ አንዱ ደሞ "ቀለም ቀብተህ ካፌ በር ላይ አቁማት" አለኝ። ምንድናት? ትነሳለች ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የባጃጁ ሞተር ባጃጁ ላይ ይቆይ። አንተ ጋ የመጣችው የሳር ማጨጃ አይደለችም፣ ትክክለኛ ትራክተር ናት፣ ብቻ በትንሹ። የሰራት ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ነው፣ በ1960 መጨረሻ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ) አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል በሚገኘው ፋብሪካው ማምረት ጀመረ፣ እዛው ፋብሪካ ፋርሞል ከብ የሚባለው ትንሽ የእርሻ ትራክተር ይሰራ ስለነበር ስሙንም የማርሽ ሳጥኑንም ነገር ከሱ ነው ያመጡት። የመጀመሪያው ሞዴል 7 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ኮህለር ሞተር ነበረው። በ1981 ኢንተርናሽናል ይሄን ስራ ኤምቲዲ ለሚባል ኩባንያ ሸጠው፣ ስለዚህ የኢንተርናሽናል ምልክት ካላት እድሜዋ ከ40 ዓመት በላይ ነው ብለህ ያዝ። ይበልጥ ለመለየት ጎንበስ በልና ከስር እያት፦ ከሞተሩ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ጉልበቱ የሚሄደው በቺንጋ ከሆነ የመጀመሪያው ሞዴል ናት፣ በዘንግ ከሆነ ደሞ ከ1963 ወዲህ የመጡት ናት።

እንዲህ አይነት ትራክተር ለምን ተሰራ ያልክ እንደሆነ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከከተማ ወጣ ብለው ሰፊ ግቢ ያለው ቤት መግዛት ሲጀምሩ ለአካፋና ለዶማ የሚበዛ፣ ለትልቅ ትራክተር ደሞ የሚያንስ መሬት እጃቸው ላይ ቀረ። ዊል ሆርስ በ1946 ኢንዲያና ሳውዝ ቤንድ ውስጥ ተጀመረ፣ ጆን ዲር 110 የሚባለውን በ1963 አወጣ፣ ቦለንስና ሲምፕሊሲቲ ሁለቱም ከዊስኮንሰን ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከፖርት ዋሽንግተን ናቸው። የዛን ዘመን ስራ ላሜራው ወፍራም፣ ሞተሩ ጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ ብረት)፣ ማረሻ የሚጎትት ማርሽ ሳጥን ያለው ነው። ሰው እስከዛሬ የሚያድሳቸውም ሲሰሩ እንዲፈቱና እንዲጠገኑ ታስበው ስለተሰሩ ነው፣ የዛሬዎቹ ከሱቅ የሚመጡት ማጨጃዎች ግማሹ ፕላስቲክ ነው፣ ምኑን ታድሰዋለህ።

ወደ ነከሰው ሞተር እንምጣ። መጀመሪያ የማታደርገውን ልንገርህ፣ በሞተሪኖ አታስገድደው፣ በመኪና ጎትቼ በማርሽ አዞረዋለሁ አትበል፣ ፒስተኑን በመዶሻ አትምታ። ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅለህ አፍስስበት (አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ አንተ ደሞ በያጅ ነህ፣ እባክህ ይሄን ከብየዳ ቤቱ ውጭ አድርገው)። አሴቶን ካጣህ ናፍታም ይሰራል ግን ቆይታ ይፈልጋል። እየጨመርክበት አንድ ሳምንት ተወው፣ ከዛ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) በእጅህ ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ አድርገው፣ ጸጉር ታህል እንኳ ከሄደ ተመስገን ነው፣ ቀስ እያለ ይመጣልሃል። እምቢ ካለ ቴስታታውን አንሳ። የዚህ ሞተር ጥሩነቱ ቫልቮቹ ያሉት ብሎኩ ውስጥ ከሲሊንደሩ ጎን ነው፣ ቴስታታው ተራ ክዳን ነው፣ ቡሎኖቹን ፈተህ ማንሳት ብቻ። ሲነሳ ዝገቱ የት እንደሆነ በአይንህ ታየዋለህ፣ ብዙ ጊዜ ክፍት በቀረ ቫልቭ በኩል እርጥበት ገብቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ በአንድ በኩል ብቻ በልቶት ነው። ያኔ እንጨት አስደግፈህ በትንሹ ነካ ነካ ማድረግ ይቻላል። ፒስተኑ ከወጣ በኋላ ግድግዳው የተቦረቦረ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስደህ ማስፋት ነው፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ለኮህለር አሁንም ይሰራል።

ለተቀረው ዝገት እኛ አዳማዎች እድለኞች ነን፣ ወንጂ ጎረቤታችን ነው። ሆላንዶቹ፣ ኤችቪኤዎች፣ በ1954 ከከፈቱት የስኳር ፋብሪካ ጀምሮ እዛ ሰፈር ሞላሰስ የሚባል ነገር አለ፣ ከብት አድላቢዎች ከገለባ ጋር የሚቀላቅሉት ጥቁሩ ወፍራም ፈሳሽ። አንድ እጅ ሞላሰስ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ በርሜል ውስጥ የዛጉትን እቃዎች ንከራቸው፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ተዋቸው፣ ዝገቱን ብቻ ለይቶ ይበላል፣ ብረቱን ብዙም አይነካም። ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል፣ ከጎረቤት አጥር ራቅ አድርገው። አሉሚኒየም ግን እንዳታስገባ፣ ካርቡራቶሩን፣ ፒስተኑን፣ አሉሚኒየም ከሆነ ቴስታታውንም አርቃቸው፣ ይበላቸዋል። ከበርሜሉ ስታወጣ በውሃ አጥበህ ወዲያው አድርቅና ዘይት ቀባ፣ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ ካልክ ስትመለስ እንደገና ዝጎ ታገኘዋለህ። በባትሪ ቻርጀርና በልብስ ሶዳ የሚያስለቅቁም አሉ፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ስቴንለስ ብረት እንዳትጠቀም መርዛማ ክሮምየም ይወጣዋል፣ የሚወጣው ጋዝ ደሞ ሃይድሮጅን ስለሆነ ስራው ሜዳ ላይ ይሁን።

ሞተሩ ከዞረ በኋላ እሳት ከሌለው አትደንግጥ። ፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት የሚቆርጥና የሚቀጥለው እቃ) ብሎኩ ጎን ላይ ትንሽ ክዳን ስር ነው ያለው፣ ጫፉን በስስ ካርታቬትራ ጠረግ አድርግና ክፍተቱን 0.5 ሚሊ ሜትር አድርገው። "ሞቷል" ተብለው በኪሎ ከተሸጡት ስንቶቹ በዚችው ምክንያት እንደሄዱ ሳስበው ያናድደኛል። ካርቡራቶሩ ላይ ደሞ አንድ ነገር አስታውስ፣ አዳማ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ ጉልበት ስለሚቀንስ ያንተዋ ባለ 7 ፈረሷ ከሆነች እዚህ ስድስትም አትሞላ። ለቆላ በተስተካከለ ካርቡራቶር ከሄደች ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፣ ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ እየሰራ ዋናውን ቪቴ በትንሽ በትንሹ እየዘጋህ ድምጹን አዳምጥ።

ቀለም የመጨረሻው ስራ ነው። ካፌ በር ላይ አቁማት ያለህን ጓደኛህን እዛው ካፌ ቡና ጋብዘውና ተለያዩ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ። አርሲ ውስጥ በኮንትራት ያርስበት የነበረ ማሲ ፈርጉሰን 135 አዳማ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ወንድሞቼ በኪሎ ይሸጥ ይላሉ፣ እኔ ማደስ እፈልጋለሁ። አንድ ቀለም ቀቢ "አዲስ አስመስዬ እሰጥሻለሁ" ብሎኛል፣ ልስጠው? "ሴት ልጅ ይሄን ትችላለች ወይ" ለሚሉኝም አንድ ነገር በልልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የመጨረሻውን ጥያቄ ለጠየቁሽ ሰዎች ቁልፍ አቀብያቸውና የኋላውን ጎማ ይፍቱት፣ ከዛ እናወራለን።

135 ከጓሮ ትራክተር በመጠን ከፍ ይላል ግን ለጀማሪ አዳሽ ከሱ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የተሰራ ነው፣ ብዙዎቹ ባለ ሶስት ሲሊንደር 2.5 ሊትር የፐርኪንስ ናፍታ ሞተር አላቸው፣ ከኋላ ማረሻውን የሚይዘው ባለ ሶስት ነጥብ ሃይድሮሊክ ደሞ የሃሪ ፈርጉሰን ፈጠራ ነው፣ ከ1946 እስከ 1956 እንግሊዝ ኮቨንትሪ ውስጥ ከ5 መቶ ሺህ በላይ የተሰራችው ግራጫዋ ትራክተሩ ቲኢ20 ላይ ዓለም የለመደው እሱን ነው። አርሲና ባሌ ውስጥ እስከዛሬ የሚያርሱ ስላሉ መለዋወጫ አታጪም፣ መካኒኩም አይኑን ጨፍኖ ነው የሚፈታው። ወንድሞችሽ በኪሎ እንሽጠው ሲሉ ይሄን ንገሪያቸው፣ የሚሰራ ትራክተርና ቁርጥራጭ ብረት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ለቀለም ቀቢው አሁን አትስጪው። እኔ በዚህ ነገር ግትር ነኝ፣ አውቃለሁ፣ ብዙ ሰው አይስማማኝም። "አዲስ ማስመሰል" ማለት እኛ ሀገር ብዙ ጊዜ ስቱኮ ደፍኖ፣ ጎማውን ሳይቀር ጥቁር ቀብቶ፣ የፋብሪካውን የቁጥር ሰሌዳ ከነጽሁፉ በቀለም አድፍኖ መስጠት ነው፣ ከዛ በኋላ የትኛው ዓመት እንደተሰራ ማወቅ እንኳ ጣጣ ነው። ሰሌዳው ዳሽቦርዱ አካባቢ ነው ያለው፣ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው። ከዛ ደሞ አስቢው፣ አባትሽ እግሩን ሲያሳርፍበት የተላጠው ቦታ፣ መሪው ላይ እጁ ያለሰለሰው፣ ፓራፋንጎው ላይ ያስበየደው ቁራጭ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ስፕሬ ይጠፋል፣ ከጠፋ በኋላ ደሞ በምንም ገንዘብ አይመለስም። የውጭ ሰብሳቢዎችም አሁን አሁን ያልተነካ ቀለም ያለውን አጥብቀው ነው የሚፈልጉት። የኔ ምክር ግራሶውንና ጭቃውን በደንብ አጥበሽ፣ ያለውን ቀለም በተልባ ዘይት ስስ አድርገሽ አብሺው፣ ያበራል፣ ዝገቱንም ይይዝልሻል። የጠረግሽበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለሽ ጥግ ላይ እንዳትጥይው፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው እሳት ይነሳበታል፣ ዘርግተሽ ውጭ አስጪው።

ቀለሙ አልቆ ብረቱ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ወይም የግድ ልቀባ ካልሽ፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጊ፣ በእሳትም አታቃጥይ፣ በውሃ እያረጠብሽ በካርታቬትራ፣ ማስክ አድርገሽ፣ ልጆች በሌሉበት። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ አቧራም እንደዛው፣ የድሮው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕሬሰር አይነፋም። የአዳማን ንፋስ ደሞ አንቺ አላስተምርሽም፣ ተራራው ላይ የንፋስ ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ቀለም የረጨ ሰው አቧራ ነው የሚቀባው። ንጋት ላይ፣ ዙሪያውን ሸራ ጋርደሽ፣ መሬቱን ውሃ አርከፍክፈሽ።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ናፍታ ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ታንኩን አራግፊ፣ ውሃና ዝቃጭ አይጠፋውም፣ ፊልትሮ ቀይሪ፣ መስመሩ ውስጥ ያለውን አየር አስወጪ። ዘይቱ አዲስ ይሁን። የማጥፊያውን ገመድ ስበሽ ይዘሽ በሞተሪኖ ትንሽ አዙሪው፣ የዘይት ግፊት ጌጁ ከፍ ሲል ልቀቂው። አንድ ሰው ደሞ ጣውላ ይዞ አየር ማስገቢያው አጠገብ ይቁም፣ የቆየ የናፍታ ፖምፓ ሊይዝና ሞተሩ ያለልክ ሊሮጥ ይችላል፣ ያኔ የሚያቆመው አየሩን መድፈን ብቻ ነው፣ በእጅ ግን አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ትራክተር ሰብሳቢ ነኝ" ይላል። ሰብሳቢ ማለት ምንድነው፣ አንድም የሚነሳ የለውም እኮ! ልብስ ማስጫዬ ላይ ቺንጋ ይሰቅላል፣ ባለፈው የዶሮ ወጥ ድስቴ ውስጥ ፋሻ በናፍታ ዘፍዝፎ አገኘሁት፣ ለፋሲካ በግ ያስቀመጥነውን ብር ካርቡራቶር ገዛበት። እባክህ ምከረው፣ አንተን ያነባል።

መልስ፦ እያነበብክ ነው አይደል? ድስቱን መልስ። እሷም ብትሆን አትቀበልህ፣ ናፍታና የድሮ ዝገት የነካው ድስት ወደ ማእድ ቤት አይመለስም፣ አዲስ ትገዛለህ፣ ያኛው ላንተ ይሁን። የስራ ልብስህን ለብቻ አጥበው፣ እጅህን ሳትታጠብ ህጻን አትያዝ፣ የእርሳሱን ነገር ከላይ ለእህታችን የጻፍኩትን አንብብ።

እትዬ፣ ለርስዎ ደሞ፦ በሽታው ይታወቃል፣ መፍታት ደስ ይላል፣ መግጠም ያደክማል፣ ስለዚህ አንዱን ሳይጨርሱ ሁለተኛ ይገዛሉ። ህጉን እርስዎ ያውጡ። አንዱ ተነስቶ ግቢውን በራሱ ጎማ ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ብረት በር አይገባም። የፈታውን ሁሉ ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሳ፣ ቡሎኖቹን በየቦታቸው በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ይጻፍባቸው፣ ያልተጻፈባት ከረጢት እርስዎ እጅ ከገባች ለቆራሊዮ ናት። የበጉ ነገር ከባድ ነው፣ እሱን ራሳችሁ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። በደርግ ጊዜ በመንግስት እርሻ ቤላሩስ ነድቻለሁ። እናንተ ስለ አሜሪካ መናፈሻ ትራክተር ትጽፋላችሁ፣ የኛው የት ሄደ? ሰፊ ቦታ የሌለው ሰው ከኛ ሀገር ትራክተር ምን ሊሰበስብ ይችላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ እንዲያውም ይሄ ጥያቄ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። ቤላሩስ እኮ የዚችው ከተማ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፣ የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ይባል የነበረው፣ በሶቪየት እርዳታ የተቋቋመው ፋብሪካ፣ እዚሁ አዳማ ሲገጥመው ነው የኖረው። ኤምቲዜድ 80 የሚባለው የቤላሩስ ሞዴል ሚንስክ ውስጥ ከ1974 ጀምሮ የተመረተ ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር፣ ወደ 80 ፈረስ፣ አንዳንዶቹ ላይ ደሞ ዋናውን የናፍታ ሞተር የምታስነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ጎኑ ላይ አለች፣ እሷን እያስነሱ በብርድ ንጋት ስንቱ ሹፌር እንደተራገመ እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ። አንድ ሰው እዚህ ተገጣጥሞ የወጣ፣ ሰሌዳው ያልወለቀ ቤላሩስ ቢያድስ እኔ ከአስር ከብ ካዴት በላይ ነው የማከብረው። ግን ከሶስት ቶን በላይ ብረት ነው፣ የኮንዶሚኒየም ሰው የት ያቆመዋል።

ለጠባብ ግቢ የኔ ምርጫ በእጅ እየተያዘ የሚሄደው ባለ ሁለት ጎማ የቻይና ትራክተር ነው። ሞተሩ ኤስ195 ነው፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፣ 1 ሲሊንደር፣ ስፋቱ 95 ሚሊ ሜትር፣ 12 ፈረስ። ራዲያተር የለውም፣ አናቱ ላይ ያለው የውሃ ሳጥን ይፈላል፣ እየጎደለ ሲሄድ ውሃ ይጨመርበታል፣ በቃ። ሰው ስለሚንቀው ርካሽ ነው፣ ሞተሩም ለውሃ መሳቢያ ስለሚፈለግ መለዋወጫው አይጠፋም፣ አሮጌውን ከነሙሉ እቃው ማስቀመጥ የጀመረ ሰው ግን አላየሁም፣ ከአሁኑ የጀመረ ኋላ አይቆጨውም። ይሄ አይነቱ አሰራርም ቢሆን ታሪኩ ረጅም ነው፣ ግሬቭሊ የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ፎቶ አንሺ በሞተር የሚሄድ የእጅ ማረሻ በ1916 የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ አውጥቶበታል፣ የሱ ባለ ሁለት ጎማዎች ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ናቸው። ስለ እርሻ መሳሪያ ማየት የሚፈልግ ደሞ መልካሳ የግብርና ምርምር ማእከል ቅርባችን ነው፣ በእርሻ መሳሪያ ላይ የሚሰራ ክፍል አለው፣ ደብዳቤ ይዞ በአክብሮት መጠየቅ ነው።

ጋሼ፣ ከርስዎ ግን ብረት አልፈልግም፣ ወሬ ነው የምፈልገው። ትራክተር ወደ አርሲ በብዛት ሲገባ፣ ስዊድኖቹ የጭላሎ እርሻ ልማትን (ካዱን) በ1967 ከጀመሩ በኋላ፣ ምርቱ አደገ ግን ባለመሬቱ በትራክተር ማረስ ስላዋጣው ጭሰኛው ተነቀለ፣ በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ደሞ የትልልቅ እርሻዎቹ ትራክተር ወደ መንግስት ሄደ። እርስዎ የነዱት ከዛ በኋላ የመጣውን ነው። ይሄን ሁሉ በሹፌር አፍ የጻፈ ሰው አላየሁም። ልጅ ልጅዎ ስልክ ካለው ቀርጾ ይላክልኝ።

ጥያቄ፦ አምስት ልጆች ነን፣ ሶስት ያደስናቸው ትንንሽ ትራክተሮች አሉን፣ ለህዝብ ማሳየት እንፈልጋለን። ውጭ ሀገር እንዴት ነው የሚያሳዩት? እኛስ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ ጎበዞች። ውጭ ሀገር በበጋ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ከትልልቆቹ የእርሻ ትራክተሮችና ከድሮ የእንፋሎት ሞተሮች ጋር አንድ ላይ። ብዙ ቦታ የታደሰና ያልተነካ ለየብቻ ነው የሚታየው፣ የሚጨበጨብለት ደሞ ከነመለዋወጫው የመጣው ነው፣ ማጨጃው፣ ማረሻው፣ የበረዶ መጥረጊያው ሳይቀር። የጉተታ ውድድርም አለ፣ የሚጎተተው ጋሪ ላይ ክብደቱ እየሄዱ በመጡ ቁጥር ወደፊት እየመጣ ያከብደዋል፣ የሚያሸንፈው ሩቅ የጎተተ ነው። ይሄን ግን ለጊዜው ተዉት፣ የፊት ጎማው ተነስቶ ሰው ላይ ይገለበጣል።

እናንተ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ለምኑ፣ እሁድ ጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ። ቀበሌውንና ትራፊክ ፖሊስን ቀድማችሁ አናግሩ፣ በራሳችሁ ነድታችሁ ደሞ አስፋልት ላይ እንዳትወጡ፣ ሰሌዳ የለውም፣ ባጃጆቹም አይምሯችሁም፣ በአይሱዙ ጫኑት። ጣውላው ላይ ስትጭኑ ማንም ላዩ ላይ አይቀመጥ፣ በገመድ ሳቡት።

እያንዳንዱ አጠገብ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰሌዳ አቁሙ፣ ሞዴሉ፣ የተሰራበት ዓመት፣ የሞተሩ ጉልበት፣ የት እንደተገኘ፣ ማን ይሰራበት እንደነበረ፣ ምኑን እንደቀየራችሁና ምኑ የፋብሪካው እንደሆነ። ይሄ የመጨረሻው ላይ አትዋሹ፣ የሚያውቅ ሰው ይመጣል። ከማደሳችሁ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለ አስፋፍታችሁ ስቀሉት፣ ሰው ከትራክተሩ በላይ እሱን ነው የሚያየው። ስሩ ትሪ አድርጉ ዘይት ሜዳው ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ጎማው ስር ድንጋይ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ፣ እሳት ማጥፊያ አንድ። ስታስነሱ ህጻናት ራቅ ይበሉ፣ የሚዞር ቺንጋና ዘንግ ነጠላና የቀሚስ ጫፍ ሲይዝ አይለቅም፣ ይሄን እንደ ቀልድ አትዩት። ሶስቱንም ባንድ ጊዜ አታስነሱ፣ አንዱ ሲሰራ ሌላው ይቁም፣ አለዚያ ማንም ምንም አይሰማም። ክፍት ያደረጋችሁት አንድ የተፈታ ሞተር ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ ደሞ ልጆቹን ከሌላው ትራክተር ላይ ያወርድላችኋል።

አጫጭር፦

ጎማ ስንጥቅ ስላለው የጠየቅከው፣ የጓሮ ትራክተር ጎማ መጠኑ የተለየ ነው፣ ቸርኬው ደህና ከሆነ ካላማዳሪ አስገባበትና ለማሳያ ይበቃል፣ ለስራ ግን አይሆንም።

ቺንጋ ያጣሽው፣ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ከተበጠሰም ቁርጥራጩን፣ ስፋቱንና ዙሪያውን ለክተው ከወፍጮና ከኮምፕሬሰር ቺንጋ ውስጥ ያገኙልሻል።

ሞተሪኖም ዲናሞም አንድ ላይ የሆነ እቃ አገኘሁ ብለህ "ተሳስተው ነው ወይ የሰሩት" ያልከው፣ አልተሳሳቱም፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው፣ በአንዲት ቺንጋ ያስነሳል፣ ከተነሳ በኋላ ባትሪ ይሞላል። ቺንጋው ከላላ ሁለቱንም አይሰራም፣ መጀመሪያ እሱን አጥብቀህ ሞክርና ከዛ ጻፍልኝ።